የስንዱ ለቅሶ

ከፍጥረት ሁሉ ፍርሃትን ፈልጎ፣ ፍላሽ ይዞ ሄዶ የሚያስቀዳ የሰው ልጅ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፤ በሬ «ዛሬ የቢላዋ ፊልም ልይ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዶሮስ በበዓል ዋዜማ ጓደኞቿን ሰብስባ «ኑ፣ የሚያስደነግጥ ነገር እንይ» ትላለች? አትልም። የራሷ ጭንቀት ይበቃታል። ሰው ግን ቀኑን ሙሉ በታክሲ ሰልፍ፣ በአለቃ ግልምጫ፣ በአከራይ ስልክ ሲደነግጥ ውሎ ቤቱ ሲገባ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ «የሚያስፈራ ነገር የለም?» ይላል። ምን ጎድሎበት እንደሆነ እንጃ።

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት የመስጠት ሙሉ መብት አለኝ። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ የጥርስ ሕክምና ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ጩኸት በየዓይነቱ አውቃለሁ። መርፌ አይቶ የሚጮህ አለ፤ መርፌ ሳያይ የሚጮህ አለ፤ ሐኪሙ ገና እጁን ሲታጠብ የውሃውን ድምፅ ሰምቶ የሚጮህም አለ። ጢማቸውን አንዠርግገው፣ የመኪና ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ ገብተው ወንበሩ ላይ ሲወጡ «እናቴን ጥሩልኝ» ያሉ ጎረምሶች በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ ፊልም እኔን ለማስፈራራት ሲነሳ ትንሽ ተዘጋጅቶ መምጣት አለበት። የዛሬው ወጌ ሳይዘጋጅ ስለመጣ አንድ የኮሪያ ፊልም ነው።

ግን ከእናቴ ልጀምር፤ ያለ እሷ ነገሩ አይገባችሁም። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ዕድሜዋን የፈጀችው ካዛንቺስ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ ለሁሉ በሚሆንበት ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ ግቢ አንዱ ካስነጠሰ ከየበሩ «ይማርህ» ይጎርፋል። ወጥ ከተቃጠለ የማን ወጥ እንደሆነ ሁሉም ከሽታው ያውቃል። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ጎረቤቱ አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ የት እንደገባ ሳይታወቅ ተበተነ። እኛ ለሥራዬ እንዲቀርበኝ ብለን ቡልጋሪያ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራየን። ቤቱ ምን ይወጣለታል! ውሃው ከውስጥ፣ ሽንት ቤቱ ከውስጥ፣ ፀሐይዋም ጠዋት ጠዋት ከውስጥ ናት። ሰው ብቻ ነው ከውጭ የቀረው።

እናቴ እንደ ካዛንቺሱ መስሏት በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። የሚያልፍ ሰው ጎራ ይላል ብላ ነው። ማንም ጎራ አላለም። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ተፈራ፣ በደጉ ዘመን ለገሃር ባቡር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ ጨዋ ሽማግሌ፣ ሲያልፉ ቆም ይሉና «እማማ፣ በርዎን ረስተውታል» ብለው በትሕትና ይዘጉላታል። እናቴ ተመልሳ ትከፍተዋለች፤ እሳቸው ሲመለሱ ደግሞ ይዘጉታል። ከሳቸው ሌላ የምናውቀው ሰው ቢኖር ከፊት ለፊታችን ያለችው እትዬ ዘሃራ ናት። የወሎ ሰው ናት፤ ለገሃር ልብስ ትነግዳለች። አወቅናት ማለት ግን ምን ማለት ነው? «ሰላም ዋሉ» ትላለች፣ ከዚያ የብረት በሯ ጓ! ይላል። በቃ። የእናቴን ስም እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። በሕንፃው ውስጥ መጠሪያዋ «የሦስተኛ ፎቋ እማማ» ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሻንጣዋ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ምንድን ነው ብላት፣ ወሩ ሲያልቅ ደብረ ብርሃን እህቷ ጋ ልትሄድ እንደወሰነች ነገረችኝ። «እዚህ ብሞት ማን ይሰማል? አንቺ ከሥራ እስክትመጪ ሬሳዬ ብቻውን ሊቀመጥ ነው?» አለች። ስለ ሞት የምታወራው ስለ ሽንኩርት እንደምታወራው ስለሆነ መጀመሪያ ቀለል አድርጌ ልስቅ ነበር። ሻንጣውን ሳየው ሳቄ ጠፋ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እናቴ ከሄደች እኔ በዚያ ቤት ከግድግዳው ጋር ነው የምቀረው። ፈራሁ። ከዚያ ሁሉ የጥርስ ቤት ጩኸት በኋላ እኔም በተራዬ ፈራሁ።

ምን ላድርግ? እናቴ የኮሪያ ተከታታይ ፊልም ነፍሷ ነው። «ሥርዓት አላቸው» ትላለች። «ለትልቅ ሰው ያጎነብሳሉ፤ ቤት ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ፤ ተጣልተው ደግሞ በአንድ ገበታ ይበላሉ።» እንግዲህ በፊልም ላባብላት ብዬ ካዛንቺስ ባልፈረሰው በኩል ወዳለ አንድ ፊልም ቀጂ ሱቅ ሄድኩና «እናቴን የሚያስለቅስ የኮሪያ ፊልም ስጠኝ» አልኩት። ሰውየው ሳያስብ «ይሄ በጣም ያስለቅሳል» አለኝ። ፖስተሩ ላይ አንዲት ልጃገረድ አንገቷን ደፍታ፣ ፀጉሯ ፊቷን ሸፍኖት ቆማለች። እኔ ለታላላቆቿ እያጎነበሰች መስሎኝ ደስ አለኝ።

እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ፍላሹን ሰካሁት። እኔ ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፤ እናቴ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ታያለች። ነገሩ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የልጅቷ ስም ሱን-ዱክ ነው መሰለኝ፤ እናቴ ጆሮ ሲደርስ ግን ስንዱ ሆነ። «ስንዱ? እነሱም ስንዱ አላቸው?» ብላ ወዲያው ወደደቻት። ይህቺን ስንዱን የክፍል ጓደኞቿ ገፍተዋት፣ ጓሮ ካለ ደረቅ ጉድጓድ ገብታ ትሞታለች። አስተማሪዎቹ ይደብቁና ለእናትየው «ልጅሽ ጠፍታ ሄደች» ይሏታል። ከዚያ ስንዱ መንፈስ ሆና፣ ረጅም መቀስ ይዛ ከጉድጓዱ ወጥታ የገፏትን አንድ በአንድ ታርዳቸዋለች።

ሲወራ መጥፎ አይደለም አይደል? ሲታይ ግን ምን ያደርጋል! መንፈሷ ከመምጣቷ በፊት ሁልጊዜ አንዲት ድመት ትጮሃለች፤ ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ እኛ ድመቷን ስንሰማ ሻይ ልንቀዳ መነሳት ጀመርን። ደም የተባለው የቲማቲም ስልስ ነው፤ ፓስታ ነው የጎደለው። ልጆቹ ስልክ አላቸው፣ ስልኩ መብራት አለው፣ አንዷም አታበራም። የአንዷ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ሌላዋ «እስቲ ብቻዬን ሄጄ ልየው» ብላ ጨለማው ውስጥ ትገባለች። አይ ኮሪያ! ያን የመሰለ ስልክ እየሠራችሁ ይህን የመሰለ ፊልም? እኛ እንኳ ካዛንቺስ መብራት ሲጠፋ ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ለሁለት ነበር የምንሄደው።

«ኤጭ!» ብዬ ልዘጋው ስል እናቴን አየኋት። አልፈራችም፤ እንደ እኔም አልተናደደችም። ስንዱ መቀሷን ይዛ ብቅ ባለች ቁጥር ከንፈሯን ትመጥጣለች። «አየሽ ይቺን ልጅ? ፀጉሯን የሚያበጥርላት አጥታ እኮ ነው» አለችኝ። እማዬ፣ ገዳይ እኮ ናት ብላት «ሹሩባ ቢሠሯት ፊቷ ይታይ ነበር» ብላ መለሰችልኝ። ቀጠለችና፣ ልጅቷ የምትንከራተተው ለቅሶ ስላልተቀመጡላት ነው አለች። ሰው ሞቶ ካልተለቀሰለት፣ አርባው ካልወጣለት የት ይሄዳል? ዳይሬክተሩ ያን ሁሉ ጭስ፣ ያን ሁሉ ስልስ አፍስሶ ያልገባውን ነገር እናቴ ሻይዋን ይዛ ባንዴ ገባት።

መዘዙ የመጣው የስንዱ እናት ስትታይ ነው። ሴትዮዋ ልጄ ትመጣለች ብላ ራት አቅርባ ትጠብቃለች። ሩዙ ይቀዘቅዛል። እሷ ዝም ብላ ሩዙን ታያለች። እናቴ አልቻለችም። «አልቅሺላት እንጂ አንቺ ሴትዮ! ልጅሽ እኮ ሞታለች!» ብላ ከሶፋው ተነሳች። ሴትዮዋ አሁንም ዝም። እንግዲህ እናትየው ካላለቀሰች ማን ያልቅስ? እናቴ አለቀሰችላት። እንባ ብቻ ቢሆን ምን ነበር! የካዛንቺስን ለቅሶ ነው ያወረደችው፤ ደረቷን እየመታች «ስንዱዬ! ስንዱ ልጄ! አልቃሽ ያጣሽ! ጉድጓድ ገብተሽ የቀረሽ!» እያለች።

ልክ በዚህ መሐል መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ ሕንፃ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የታችኛው ፎቅ ቴሌቪዥን፣ የላይኛው ፎቅ ሙዚቃ፣ የልብስ ማጠቢያው ጉርምርምታ፣ ሁሉም ባንዴ ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእናቴ ድምፅ ብቻ ቀረ። ደረጃው ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አዳረሰው። እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ዘሃራ ሻርፗን ተከናንባ፣ ሻማ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ጋሽ ተፈራ ኮፍያቸውን አውልቀው በደረታቸው ይዘዋል። ከእነሱ ኋላ ደረጃው ላይ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ አይቻቸው የማላውቅ ሴቶች የስልክ መብራት እያበሩ ይወጣሉ። አያችሁ፣ ስልክ ለዚህ ነው!

እኔ «ኧረ ፊልም ነው» ልል አፌን ከፈትኩ፤ እምላለሁ ከፍቻለሁ። ግን እትዬ ዘሃራ «አይዞሽ የኔ እናት፣ አላህ ያጽናችሁ» ብላ አንገቴን አቅፋ አፌን ሻርፗ ውስጥ ቀበረችው። ትከሻዬ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» እያለች ጀርባዬን ትመታኛለች። ከዚያ እቅፍ ስወጣ እንግዳው ሁሉ ገብቶ ተቀምጧል። ለቅሶው የእኛን ፈቃድ ሳይጠብቅ ቤቱን ይዞታል።

እናቴ ደግሞ፣ እንዲህ ነው የምላችሁ፣ አንዲት ውሸት አልዋሸችም። ጋሽ ተፈራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሟቿ ማን እንደሆነች ጠየቋት። «ስንዱ ናት» አለች። የት ነበረች ሲሏት «ኮሪያ»። ምን ሆና? «ትምህርት ቤት። ጓደኞቿ ጉድጓድ ውስጥ ገፍተዋት፤ ክፉ አስተማሪዋም ደብቃው።» ሴቶቹ «ወየው!» ብለው ጉንጫቸውን ያዙ። አስከሬኗ ይመጣል ወይ ሲሏት፣ እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «እሱስ ይመጣል፣ መምጣቱ ነው የከፋው» አለች። ጋሽ ተፈራ አጎታቸው ኮሪያ ዘምተው እንደነበርና የዚያ አገር ብርድ አጥንት እንደሚሰብር በሐዘን አወሱ። ስለ ብርዱ ሌላ ለቅሶ ሊጀመር ትንሽ ቀረው።

ከዚያ እትዬ ዘሃራ እናቴን «ለመሆኑ ማን ልበልዎት?» አለቻት። ያን ያህል ጊዜ ፊት ለፊት ስንኖር ይሄ መጀመሪያ ነው። እናቴ ቀና ብላ «አስካለ» አለች፤ አለችና እንደገና አለቀሰች። ያኔ ነው ሳቄ የቆመው። ለስንዱ ብቻ እያለቀሰች እንዳልነበር ገባኝ። ግቢው ፈርሶ ጎረቤቱ ሲበተን «ደህና ሁኑ፣ ደህና ሁኑ» ብላ ሁሉንም በፈገግታ ሸኝታ ነበር እንጂ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። አልቃሽ ያጣው እሱም ነበር። እኔም በጨለማው ውስጥ አለቀስኩ፤ በዚህ ጊዜ የምሬን።

በዚህ መሐል መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ማን ጠራህ ሳይባል በርቶ ካቆመበት ቀጠለ። ድመቷ ጮኸች! ስንዱ መቀሷን አንስታ፣ ፀጉሯን ደፍታ፣ ከለቀስተኞቹ ፊት ድቅን አለች። አንዷ ተማሪ በሙሉ ድምፅ «ሱን-ዱክ!» ብላ ጮኸች። እኔ ዘልዬ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ማን ምን እንዳየ ፊታቸው ላይ ፈለግኩ፤ ሁሉም አቀርቅረዋል። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ነፍስ ይማር» አሉ። ሌላውም «ነፍስ ይማር» ብሎ ተከተለ። ምስጋና ለፈጣሪ፣ አላስተዋሉም ብዬ ተነፈስኩ።

በማግስቱ እዝን መጣ። ከሁለተኛ ፎቅ ሽሮ፣ ከአምስተኛ ፎቅ ዳቦ፣ ከእትዬ ዘሃራ ቤት ደግሞ ሻይ በፔርሙዝ። እኔ ለሐኪሙ ለቅሶ አለብኝ ብዬ ቀደም ብዬ ስወጣ ማን ሞተ ቢለኝ «አንዲት የኮሪያ ልጅ» አልኩት፤ እሱም «ያጽናሽ» አለኝ። ቤት ስደርስ ለመቀመጫ የሚሆን ነገር ስላነሰ እናቴ ሻንጣዋን ከፍታ ብርድ ልብሷን አውጥታ አንጥፋለች። ጋሽ ተፈራ በረዳቸው መሰለኝ፣ ጋቢዋን ደርባላቸዋለች። በሦስተኛው ቀን ኩባያዎቿም ወጡ፣ ለእህቷ የያዘችው ሰሀንም ወጣ። ሻንጣው ባዶውን ጥግ ቆመ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይውላል፤ ጋሽ ተፈራ ሲገቡም ሲወጡም አይዘጉትም። እትዬ ዘሃራ ደግሞ «እርስዎ» ማለቷን የት እንደጣለችው እንጃ፣ «አንቺ አስኩ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ!» እያለች ትቆጣታለች። እናቴን እንዲህ የተቆጣት ሰው ካዛንቺስ ከቀረ ወዲህ አልነበረም። ፊቷ በርቷል። ለቅሶ ላይ ፊት ሲበራ ነውር ነው እንጂ ልስማት ነበር።

እኔ ግን ሕሊና የሚባል ነገር አላስተኛ አለኝ። ሰው እንዴት ሽሮውን እየተሸከመ በሐሰት ይመላለሳል? ሦስተኛው ቀን ላይ እናቴን ጓዳ ጠርቼ ልነግራቸው ነው አልኳት። «ምን ብለሽ?» አለች ደንግጣ። «ፊልም ነበር ብዬ» አልኳት። «ታዲያ ፊልም ቢሆንስ፣ አልሞተችም?» አለችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችና ለስለስ ብላ «ተይኝ ልጄ፤ ከተናገርሽ በሩን መልሰው ይዘጉብኛል» አለች። ሳልነግራቸው ሻይ ላቀርብ ወጣሁ።

ለቅሶው ሊነሳ ሁሉም እየተሰናበተ ሲወጣ፣ ጋሽ ተፈራ ጋቢውን አጣጥፈው መለሱና ኮፍያቸውን አደረጉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ ድምፃቸውን እንደ መጀመሪያው ቀን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ያቺን ክፉ አስተማሪ ስንዱ በመጨረሻ አገኘቻት ወይስ ለክፍል ሁለት አቆዩዋት?» አሉኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለካ ለሁሉም ጠርቶ ቆይቷል፣ ዘግይቶ የነጋልኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት ብል እትዬ ዘሃራ ፔርሙዟን እያነሳች «መብራት ሲመጣ ነዋ! ያን የሚያህል መቀስ እንዴት አይታይም?» አለች። ታዲያ ለምን ሁለት ቀን ሙሉ መጣችሁ ብላት፣ እንደ ባለጌ ልጅ ነው ያየችኝ። «እንዴ! ለቅሶ ተጀምሮ ይቋረጣል እንዴ?» አለች። እናቴ ከኋላዬ በሳቅ ፍርስ አለች። ጋሽ ተፈራም ሳቁ፤ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ እንደ ባለ ሐዘን ኮስተር ብላ አርባዋን ክፍል ሁለትን እያየን እናወጣለን፣ ማንም እንዳይቀር ብላ ለሕንፃው በሙሉ ጥሪ አስተላለፈች። ደብረ ብርሃንስ አልኳት ቀስ ብዬ። «የልጅቷ አርባ ሳይወጣ የት እሄዳለሁ? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ተቆጣችኝ።

ትናንት ካዛንቺስ ፊልም ቀጂው ጋ ተመለስኩ። ክፍል ሁለትን ስጠይቀው ሰውየው ጤንነቴን ተጠራጠረ። «ማለቴ፣ የመጀመሪያውን አይተሽ ነው? በቃ እሱ ራሱ አይረባም፤ ይሄኛው ደግሞ ይብሳል» አለኝ። እንዴት ይብሳል አልኩት። «በመጀመሪያው ጥቂት ተማሪ ነው የሞተው፤ በዚህኛው ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚያልቀው» አለ። «በሙሉ?» አልኩት። «አንድ ሰው አይተርፍም» አለኝ።

ፍላሹን አቀበልኩትና «ተመስገን! ቅዳልኝ ወንድሜ፤ እንግዲህ እናቴ የትም አትሄድም» አልኩት።